የወጌሻው ልጅ፦ ጉልበትን ሳያንቅ መደገፍ የቻለው ሂዩ ኦወን ቶማስ

ኳስ ሜዳ ላይ ጉልበቱ ዞሮበት የወደቀ ጓደኛ የሌለው ማን አለ? ኢንጅባራም ሁን ዳንግላ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ አንድ ነው፦ ወጌሻ ጋ ውሰዱት! ወጌሻው አሽቶ፣ ስቦ፣ በቀርከሃ ስንጣሪና በጨርቅ ያስረዋል። ቀርከሃ እንደሆነ በአዊ ደጋ ሞልቷል።

ዛሬ የምናወጋችሁ ሰው የወጣው ልክ ከእንዲህ ዓይነት ቤት ነው። ሐኪሞች የዘመናዊ አጥንት ሕክምና አባት ከሚሏቸው አንዱ ነው፤ አባቱ ግን ወጌሻ ነበር። አያቱም ወጌሻ፣ ቅድመ አያቱም ወጌሻ።

ሂዩ ኦወን ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1834 በዌልስ፣ አንግልሲ በምትባል ደሴት ተወለደ። ቤተሰቡ ስለ ዘሩ የሚያወራው ተረት የመሰለ ታሪክ አለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ ተሰብሮ አንድ የማንም ያልሆነ ልጅ ደሴቷ ዳርቻ ላይ ተገኘ። የአገሬውን ቋንቋ አያውቅም። ያሳደጉት ሰዎች ስም አወጡለት፤ እሱም ሲያድግ የተሰበረ የሚጠግን እጅ እንዳለው ታየ ይባላል። ሙያው ከእሱ ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ ወረደ።

የሂዩ አባት ኢቫን ቶማስ ሊቨርፑል ከተማ ገብቶ በጣም ታወቀ። የወደብ ሠራተኛው፣ መርከበኛው፣ ድሃው ሁሉ ደጁ ላይ ይሰለፋል። ይህ ደግሞ የከተማዋን ሐኪሞች አላስደሰተም፤ በተደጋጋሚ ፍርድ ቤት አቆሙት። በዚህ የተማረረው አባት ልጆቼ በእኔ መንገድ አይሄዱም ብሎ ቆረጠ። አምስቱንም ወንዶች ልጆቹን ሐኪም አደረጋቸው!

ሂዩ ኤድንብራና ለንደን ተምሮ በ1857 ፈቃዱን አገኘና ወደ ሊቨርፑል ተመለሰ። ከአባቱ ጋር ትንሽ ሠርቶ አልተስማሙም፤ የራሱን ቤት ከፈተ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ አንድም ሆስፒታል ውስጥ ተቀጥሮ አልሠራም።

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የሚጣፍጠው። በሕክምና ቤቱ ውስጥ ሁለት ባለሙያዎች ቀጥሮ ነበር፦ አንድ ብረት ቀጥቃጭና አንድ የኮርቻ ሠሪ። አዎ፣ ኮርቻ ሠሪ! ጥር 23 ኢንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው የኮርቻ ሠሪን እጅ ያውቀዋል፤ ቆዳው ካልተስተካከለ ፈረሱም ፈረሰኛውም ይቆስላል። ቶማስም የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ብረቱ ይይዛል፣ ቆዳው አይጎዳም።

በዚያ ዘመን ጉልበቱ ክፉኛ የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ እግሩን ይቆረጥ ነበር። በተለይ የአጥንት ቲቢ ልጆችን ይጨርስ ነበር። ቶማስ ሌላ መንገድ አመጣ። በቆዳ የተጠቀለለ የብረት ቀለበት ጭኑን ከላይ፣ ብሽሽት ጋ ያቅፋል፤ ከቀለበቱ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች በእግሩ ግራና ቀኝ ወደታች ይወርዳሉ። የሰውነት ክብደት በታመመው ጉልበት ላይ ማረፉ ቀርቶ ከዳሌ አጥንት በብረቱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። የብረቶቹ ጫፍ ጫማ ተረከዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሕመምተኛው ይራመድበታል። ጉልበቱ እያረፈ ሰውየው ይሄዳል ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ጉልበቱን ጠፍሮ አላነቀውም። ደም ካልተዘዋወረ ፈውስ የለም ብሎ ያምን ነበር። ለእሱ መደገፍ ሌላ፣ ማጥበቅ ሌላ ነው።

ይህንን በ1875 በመጽሐፍ ጻፈው። ትላልቆቹ ሐኪሞች ግን ብዙም አልሰሙትም። ቁጡ ነው፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ ሰው ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የወጌሻ ልጅ ነው። እሱ ግን ከማለዳ እስከ ሌሊት ይሠራል፤ እሑድ ደግሞ ድሆችን በነፃ ያክማል። ጥር 1891 በ56 ዓመቱ ሲያርፍ የሊቨርፑል ድሆች በሺዎች ወጥተው ሸኙት።

ክብሩ የመጣው ከሞተ በኋላ ነው። የሚስቱ የወንድም ልጅ ሮበርት ጆንስ እሱው ቤት ኖሮ ሐኪም ሆኖ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ የአጎቱን ብረት ወደ ጦር ሜዳ አስገባው። በጦርነቱ መጀመሪያ የጭን አጥንታቸው በጥይት ከተሰበረ ወታደሮች 80 በመቶ ገደማ ይሞቱ እንደነበር፣ ቁጥሩም ወደ 20 በመቶ እንደወረደ ይነገራል።

ዛሬ ጎንና ጎኑ ጠንካራ ዘንግ ያለው የጉልበት ብሬስ ስታዩ ሐሳቡ ከቶማስ ሐሳብ ሩቅ አይደለም። ዘንጎቹ ጉልበቱ ወደ ጎን እንዳይታጠፍ ይይዙታል። ተራው የላስቲክ ማሰሪያ ግን የተበጠሰ ጅማት አይይዝም፤ እሱን አድርጎ ሜዳ መመለስ አደጋ ነው። የተለወጠም ነገር አለ፦ ቶማስ ረጅም ዕረፍት ያዝዝ ነበር፣ የዛሬ ሐኪሞች ደግሞ ለብዙ የጅማት ጉዳት በጊዜ የሚጀመር እንቅስቃሴን ይመርጣሉ።

ወጌሻን ለመናቅ አይደለም፤ ቶማስ ራሱ የእጁን ብልሃት ያገኘው ከዚያ ቤት ነው። ግን አገራችን ውስጥ በጠበቀ ቀርከሃ ምክንያት እግራቸው ሞቶ የተቆረጠባቸው ልጆች አሉ። ስለዚህ ማንም ይሰረው ማን፣ ጣቶቹን እዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ወዲያው ፍቱትና ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ኳስ ለሚጫወት ጓደኛችሁ አጋሩት።