ጓዳን ከእልፍኝ የለየ መምህር

በዛሬው ዓምዳችን የምናወሳው የኮምፒዩተር ሊቅ የነበረውን ሆላንዳዊ መምህር ኤድስኸር ደይክስትራን ነው።

ደይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1930 በሮተርዳም ተወለደ። አባቱ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር፣ እናቱም የሒሳብ ሰው ነበሩ። በ1957 ትዳር ሲይዝ ሙያዬ ፕሮግራም መሥራት ነው ቢል፣ እንዲህ የሚባል ሙያ የለም ተባለና የፊዚክስ ሊቅ ተብሎ ተመዘገበ!

በ1962 በአይንድሆቨን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ታዲያ በዚያ ዘመን አንድ ኮምፒዩተር የብዙ ሰው ነበር። የማሽኑን ጊዜና ማህደረ ትውስታ ለሁሉም የሚያከፋፍል አንድ ዋና ፕሮግራም ያስፈልጋል። ይህ የማሽኑ ጓዳ ነው። የተጠቃሚው ፕሮግራም ደግሞ እልፍኝ የተቀመጠ እንግዳ ነው። እንግዳው ሁሉ ጓዳ እየገባ ድስት ቢያማስል ወጡ ምን ሊሆን ነው? የአንዱ ስሕተት የሁሉንም ሥራ ያበላሻል።

ደይክስትራና ባልደረቦቹ በ1968 ይፋ ያደረጉት ሥራ ለዚህ መልስ ሰጠ። ሥርዓቱን እንደ ፎቅ ቤት ደረቡት። ከሁሉም በታች፣ ዜሮ በተባለው ደርብ፣ የማሽኑ ጊዜ ለየሥራው ይከፋፈላል። አንደኛው ማህደረ ትውስታን ያስተዳድራል፤ ሁለተኛው ከማሽኑ ተቆጣጣሪ ሠራተኛ ጋር ያገናኛል፤ ሦስተኛው መረጃ ያስገባል፣ ያስወጣል። የተጠቃሚው ፕሮግራም በአራተኛው ላይ ነው። እያንዳንዱ ደርብ ከሥሩ ምን እንደሚያገኝ ያውቃል እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አይመለከተውም። ሁለት ሥራዎች እንዳይጋጩም ሴማፎር የተባለውን ዘዴ አመጣ፤ እንደ ባቡር ምልክት አንዱ እስኪያልፍ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል።

ጥቅሙ ወዲያው ታየ። እያንዳንዱ ደርብ ለብቻው ተፈተነ። በ500 ትእዛዝ አንድ ያህል ትንሽ ስሕተት ቢገኝም፣ እያንዳንዱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቦታው ይታወቅ ነበር። ሠራተኞቹ ስድስት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በአማካይ የግማሽ ቀን!

ጓዳን ከእልፍኝ መለየት ዛሬም አልቀረም። ጓዳው አሁን ከርነል ይባላል፤ ሌላው ፕሮግራም የሚፈልገውን በደጁ ቆሞ ይጠይቃል እንጂ ዘው ብሎ አይገባም። በስልካችን አንዱ ፕሮግራም ሲበላሽ ስልኩ በሙሉ የማይቆመው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ደይክስትራ በ1972 የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ፤ ከ1984 ጀምሮ በአሜሪካ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ2002 በአገሩ አረፈ።

እኛ ዕጩ መምህራንም ከእሱ የምንወስደው አለ። ክፍል ስንገባ የታችኛው ሳይጸና ላይኛውን አንደርብ። ተማሪው ሲሳሳት የትኛው ደርብ ላይ እንደሆነ የምናውቀው ያኔ ነው።