የአርባ ልጆች የሙዚቃ መምህር፦ ኬቮርክ ናልባንዲያን

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመን ገዳም የሚያድጉ ልጆች የትንፋሽ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። በኦቶማን ግዛት የደረሰው እልቂት ወላጅ ያሳጣቸው ነበሩ። ራስ ተፈሪ አርባዎቹን ወደ ኢትዮጵያ ሊያመጡ ወሰኑ፤ መምህርነቱም እ.ኤ.አ. በ1887 አይንታብ ለተወለዱት ለኬቮርክ ናልባንዲያን ተሰጠ።

ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በአዳማና በሞጆ በኩል፣ ዛሬ የቆቃ ሐይቅ ከተንጣለለበት ሜዳ ሳይርቅ ያልፋል። ሐይቁ ያኔ አልነበረም። ልጆቹ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ የመንግሥቱም የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ቤተሰብ ለሌላቸው ልጆች መምህሩ ከኖታ አስተማሪነት በላይ ሳይሆኑ አልቀሩም።

ኬቮርክ የደረሱት የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተሰማ። የትውልድ አገራቸውን ያጡ ሰው ለሌላ አገር መዝሙር ማበርከታቸው ያስገርማል። ዜማው እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ፍጻሜ ተዘመረ።

ኬቮርክ እ.ኤ.አ. በ1963 አረፉ። ቀደም ብለው አዲስ አበባ የመጡት የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ኦርኬስትራ እየመሩ የቤተሰቡን ሙያ ቀጠሉ።