አጥንትን በእጁ ያነበበው መምህር፦ አንድሬያስ ቬሳሊየስ

በዚህ እትማችን የአንድ መምህር የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ከመጀመራችን በፊት ግን እስቲ ክንዳችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ክርናችሁን ዳብሱት። በውስጥ በኩል አንድ ጉብታ ታገኛላችሁ። በጉብታውና በክርኑ ጫፍ መካከል ደግሞ ቦይ የመሰለ ጎድጓዳ አለ። ክርናችን ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን በዚያ ቦይ ነርቭ ስለሚያልፍ ነው። አጥንት እንደተላገ ዱላ ልሙጥ አይደለም። ጉብታውና ሸንተረሩ ጡንቻና ጅማት ይያያዙበታል፣ በቀዳዳው ነርቭና የደም ሥር ያልፍበታል፣ ክብ የሆነው ራስ በሌላው አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል። እኛ በሁለተኛ ደረጃ የእነዚህን ስም ሸምድደን ነው ያለፍነው፤ አንድም አጥንት በእጃችን አልነካንም። ታዲያ የቬሳሊየስ ታሪክ የሚመለከተን ለዚህ ነው።

አንድሬያስ ቬሳሊየስ በ1514 እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር ማብቂያ በብራስልስ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የሐኪሞች ቤተሰብ ሲሆን አባቱ የንጉሠ ነገሥት ቻርልስ አምስተኛ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። በ1533 ሕክምና ለመማር ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያን ጊዜ የነበረው የማስተማር ዘዴ የሚገርም ነው። መምህሩ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጋሌንን መጽሐፍ ያነባል፣ አስከሬኑን የሚቀደው ሌላ ሰው ነው። መምህሩ ወደ ታች አያይም፣ ቀዳጁ መጽሐፉን አያውቅም፣ ተማሪው ከሁለቱም ሳያገኝ ይቀራል። ቬሳሊየስ በዚህ አልረካም። ከጓደኞቹ ጋር በከተማው የመቃብር ቦታ የተከማቸውን አጥንት እያገላበጠ ያጠና ጀመር። ኋላማ ዓይኑን ታስሮ በዳሰሳ ብቻ የትኛው አጥንት እንደሆነ እስከ መለየት ደረሰ።

በ1536 ጦርነት ስለተነሣ ወደ ሉቨን ተመለሰ። ከከተማው ውጭ ከጓደኛው ከጌማ ጋር ሲዘዋወር የተሰቀለ ወንጀለኛ አፅም አገኘ። ሥጋውን አሞሮች ጨርሰውት አጥንቱ በጅማት ብቻ ተያይዞ ቀርቷል። እጅና እግሩን ደብቆ ወደ ቤቱ አመላለሰ። ለቀረው ሲል አንድ ሌሊት የከተማው በር ተዘግቶበት ውጭ አመሸ። ገጣጥሞ ካቆመው በኋላ ከፓሪስ ያመጣሁት ነው እያለ አስወራ። የሟች ክብር ለሚከብደን ለእኛ ይህ ደስ የሚል ወሬ አይደለም፤ ግን የሆነው እንዲህ ነው።

በታኅሣሥ 1537 በጣሊያን አገር በፓዱዋ ዩኒቨርስቲ የዶክትሬት ማዕረጉን አገኘ፤ በማግስቱም ማስተማር ጀመረ። ዕድሜው ገና 22 ነበር፤ ከእኛ ብዙም አይርቅም! መጀመሪያ ያደረገው ከወንበሩ መውረድ ነው። ቢላዋውን ራሱ ያዘ፣ እየቀደደ አሳየ፣ እያሳየ አስረዳ። በ1538 ለተማሪዎች እንዲረዳ ስድስት ትላልቅ የሥዕል ገጾች አሳተመ። ሦስቱ የአፅም ሥዕሎች ነበሩ፤ ማለትም ዛሬ የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ የምንለው ዓይነት ነው።

ይሁን እንጂ እሱም ራሱ ከጋሌን ገና አልተላቀቀም ነበር። በነዚያ ገጾች ላይ የሰውን ጉበት አምስት ክፍል አድርጎ ነው ያስሣለው። የሰው ጭንቅላት በሚቀድበት ጊዜም የበግ ወይም የበሬ ጭንቅላት ያዘጋጅ ነበር፤ ጋሌን አለ ያለው የደም ሥር መረብ በሰው ላይ ሲጠፋ በከብቱ ላይ ለማሳየት ነው። ይህን ጥፋቱን በኋላ በራሱ መጽሐፍ አምኗል።

ዓይኑ የተገለጠው በ1540 በቦሎኛ ከተማ የሰውንና የዝንጀሮን አፅም ጎን ለጎን ባቆመ ጊዜ ነው። ጋሌን በወገብ አከርካሪ ላይ የጻፈው ትንሽ ጉጥ በዝንጀሮው ላይ አለ፣ በሰው ላይ ግን የለም። ነገሩ ግልጽ ሆነ። ጋሌን የኖረው በሁለተኛው መቶ ዓመት ሲሆን በጊዜው የሰው አስከሬን መቅደድ አይፈቀድም ነበርና ያጠናው ዝንጀሮ፣ አሳማና ሌሎች እንስሳትን ነው። ጋሌንን ግን አንንቀፈው፤ ተማሪዎች በሰው አፅም ላይ እንዲማሩ ወደ እስክንድርያ ይሂዱ ብሎ የመከረ እሱ ነው። ጥፋቱ ከ1,300 ዓመት በላይ መጽሐፉን እያነበቡ አጥንቱን ያላዩት ሰዎች ነው።

በ1543 ቬሳሊየስ በ28 ዓመቱ ስለ ሰው አካል አሠራር የጻፈውን ባለ ሰባት ክፍል መጽሐፍ በባዝል ከተማ አሳተመ። የመጀመሪያው ክፍል ስለ አጥንትና ልም አጥንት ነው። ጉብታውን፣ ጎድጓዳውን፣ ቀዳዳውን በየስሙ ለይቶ በሥዕሉም ላይ በፊደል ምልክት አድርጎ አሳየ። የታችኛው መንጋጋ ሁለት ሳይሆን አንድ አጥንት፣ የደረት አጥንትም ሰባት ሳይሆን ሦስት ክፍል መሆኑን አስረዳ። በጆሮ ውስጥ ላሉት ጥቃቅን አጥንቶች መዶሻና መስፍ የሚሉትን ስሞች የሰጠም እሱ ነው።

ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። የፓሪስ መምህሩ ሲልቪየስ ሳይቀር ተነሣበት፤ ጋሌን አልተሳሳተም፣ የሰው አካል ነው ከዚያ ወዲህ የተለወጠው እስከ ማለት ደረሰ። አይገርምም እንዴ! ቬሳሊየስ ተበሳጭቶ ማስታወሻዎቹን አቃጠለ፤ ማስተማሩን ትቶ የቻርልስ አምስተኛ፣ በኋላም የዳግማዊ ፊሊጶስ ሐኪም ሆነ። በ1561 የፓዱዋው መምህር ፋሎፒየስ የቬሳሊየስን ስሕተቶች በአክብሮት አርሞ ሲጽፍ እሱም ተራው ደርሶት ታረመ። በ1564 ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ሲመለስ በግሪክ ደሴት በዛኪንቶስ አረፈ።

ውድ እጩ መምህራን፣ ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ላይኖረው ይችላል። የበግ አጥንት ግን የትም አይጠፋም። ቀቅለን፣ አጥበን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን ወደ ክፍል እንውሰደው፤ ልጆቹም ጉብታውን ይዳብሱ፣ ቀዳዳውን ይቁጠሩ፣ ከራሳቸው ክንድና ትከሻ ጋር ያስተያዩ። ይህ የበግ ነው፣ የሰው አይደለም ብለን መንገርን ግን አንርሳ። እንዲያ ካልን የጋሌንን ስሕተት አንደግምም።