የገዛ ልጃቸውን በብረት ለበስ ውስጥ ከሰማይ ያወረዱት ጀነራል ማርጌሎቭ

በሩሲያ በየዓመቱ ኦገስት 2 ቀን ሰማያዊ ቆብ የደፉና ሰማያዊ መስመር ያለው ካናቴራ የለበሱ ወንዶች አደባባዮችን ይሞላሉ። ዕለቱ የአየር ወለድ ጦር ቀን ነው። የጦሩ ስም በሩሲያኛ በሦስት ፊደላት አጥሮ ይጻፋል፤ ወታደሮቹ ግን ፊደላቱን በራሳቸው መንገድ እየፈቱ የአጎቴ ቫስያ ጦር ይሉታል።

ቫስያ የቫሲሊ ቁልምጫ ነው። አጎት የተባሉት ደግሞ ይህን ጦር ከ20 ዓመታት በላይ የመሩት ጀነራል ቫሲሊ ማርጌሎቭ ናቸው። ካረፉ ከ30 ዓመታት በላይ ቢሆናቸውም ስማቸው ዛሬም ከጦሩ ጋር ይነሳል።

ማርጌሎቭ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1908 ዛሬ ዲኒፕሮ በምትባለው የዩክሬን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ቤተሰቡ ብዙም ሳይቆይ ወደ ትውልድ አገሩ ቤላሩስ ተመልሶ ኮስቲኮቪቺ በተባለች ከተማ ኖረ።

የቤተሰቡ ስም በትክክል ማርኬሎቭ ነበር። ነገር ግን ሰነድ የጻፈ ሰው አንዲት ፊደል ተሳስቶ “ኬ”ን “ጌ” አደረጋት። ስህተቱ ሳይታረም ቀረና ማርጌሎቭ ተብለው ኖሩ፤ ልጆቻቸውም በዚሁ ስም ተጠሩ። በፓስፖርቱ ላይ የአባቱ ስም ተበላሽቶ የተጻፈበት ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ሥራ የጀመሩት ገና በልጅነታቸው ነው። ሸክም ተሸክመዋል፣ አናጺ ሆነዋል፣ በቆዳ ፋብሪካ ተለማማጅነት ገብተዋል። በ1924፣ ገና 16 ዓመት ሳይሞላቸው፣ ወደ ተወለዱበት ከተማ ሄደው በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ሆኑ፤ በኋላም ጋሪ የሚጎትቱትን ፈረሶች ይነዱ ጀመር። በቀጣዩ ዓመት ቤላሩስ ተመልሰው የደን ጠባቂ ሆኑ። በ1928 ለውትድርና ሲጠሩ ወደ ሚንስክ የጦር ትምህርት ቤት ተላኩና በ1931 በመኮንንነት ተመረቁ።

ሶቪየት ኅብረትና ፊንላንድ በ1939 ክረምት ሲዋጉ ማርጌሎቭ በበረዶ ላይ በስኪ የሚንቀሳቀስ የቅኝት ሻለቃ አዛዥ ነበሩ። በ1941 ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን በወረረች ጊዜ ደግሞ በሌኒንግራድ ግንባር ከመርከበኞች የተውጣጣ ሬጅመንት ተሰጣቸው። መርከበኞቹ ከባሕር ኃይል ያመጡትን ባለ መስመር ካናቴራ ከደንብ ልብሳቸው ሥር አያወልቁም ነበር። የእግረኛው መኮንን ይህን ኩራታቸውን ወደዱት፤ ከዓመታት በኋላም ካናቴራውን ለአየር ወለዶቹ አለበሱት።

በመጋቢት 1944 የሚመሩት 49ኛው ክፍለ ጦር የዲኒፐርን ወንዝ ተሻግሮ የኬርሶንን ከተማ ከጀርመኖች ነጻ በማውጣቱ ውጊያ ተካፈለ። በዚያው ወር የሶቪየት ኅብረት ጀግና ተባሉ። ጦርነቱ ሲያበቃም በሞስኮው የድል ሰልፍ ላይ በአዛዥነት ተሰለፉ።

እስከዚያ ድረስ ማርጌሎቭ የእግረኛ ሰው ነበሩ። በ1948 ግን የ76ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር አዛዥ ሆነው ተሾሙ። ዕድሜያቸው 40 ሊሞላ ነበር፤ ከአውሮፕላን ዘልለውም አያውቁም። ሰው እየዘለለ እኔ ከመሬት ሆኜ አላዝዝም ብለው ይመስላል፣ ከወጣቶቹ ጋር ዝላይ ተማሩ። በሕይወታቸው ከ60 ጊዜ በላይ ዘልለዋል፤ የመጨረሻውን የዘለሉት በ65 ዓመታቸው ነው።

በ1954 የመላው አየር ወለድ ጦር አዛዥ ሆኑ። በ1959 ከበታቾቻቸው አንዳንዶቹ በፈጸሙት ከባድ ጥፋት ተጠያቂ ተደርገው ወደ ምክትልነት ወረዱ። ሥራውን ትተው አልሄዱም፤ በ1961 ወደ ቦታቸው ተመለሱና እስከ 1979 ቆዩ።

ያስጨንቃቸው የነበረው አንድ ጉዳይ ነው። አየር ወለድ በጠላት ጀርባ ይወርዳል፤ የሚይዘው ግን ቀላል መሣሪያ ብቻ ነው። ታንክ የገጠመው እንደሆነ ያልቃል። ስለዚህ ከወታደሩ ጋር በፓራሹት የሚወርድ ቀላል ብረት ለበስ እንዲሠራ ወተወቱ፤ በ1969ም ቤኤምዴ የተባለው ተሽከርካሪ አገልግሎት ላይ ዋለ።

ይህም ሌላ ችግር አመጣ። ብረት ለበሱ ለብቻው ይወርዳል፣ ሠራተኞቹ ለብቻቸው ይዘልላሉ፣ ነፋስም ይበታትናቸዋል። በጠላት መሬት ላይ ተሽከርካሪያቸውን ሲፈልጉ የሚያጠፉት ጊዜ የሞት ጊዜ ነው። የማርጌሎቭ ሐሳብ ሰዎቹ ተሽከርካሪው ውስጥ ተቀምጠው አብረው ይውረዱ የሚል ነበር። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት በፓራሹት ሲወርድ ውስጡ ሰው ይኑር ማለት ለብዙዎች እብደት መሰለ፤ ፈቃድ ማግኘቱም ቀላል አልነበረም።

የመጀመሪያው ሰው ማን ይሁን? ማርጌሎቭ አምስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ከእነሱ አንዱ አሌክሳንደር በዚያው ጦር መሐንዲስ ነበር። አባት የሰው ልጅ ከመላክ የራሳቸውን ልጅ መረጡ።

ጥር 5 ቀን 1973 በቱላ ከተማ አቅራቢያ ሌተናል ኮሎኔል ሊዮኒድ ዙዬቭና አሌክሳንደር ማርጌሎቭ ብረት ለበሱ ውስጥ ገብተው ለጠፈርተኞች ከተሠራው በተቀዳ ወንበር ላይ ታሰሩ። አንቶኖቭ 12 አውሮፕላን ይዟቸው ተነሣ። ከመሬት ሆነው የሚጠብቁት ጀነራል ሲጋራ በሲጋራ ላይ ይለኩሱ እንደነበር ይነገራል። ተሽከርካሪው ከአውሮፕላኑ ጅራት ወጣ፣ ፓራሹቶቹ ተከፈቱ፣ መሬትም ደረሰ። ሁለቱ ሰዎች ሞተሩን አስነሥተው እየነዱ መጡ።

በ1976 አሌክሳንደር ሊዮኒድ ሽቸርባኮቭ ከተባለ ሌላ መኮንን ጋር በድጋሚ ወረደ። የዚህኛው ስልት ፓራሹት አንድ ብቻ ሲሆን፣ ተሽከርካሪው ወደ መሬት ሲቃረብ ሮኬቶች ተተኩሰው ፍጥነቱን ይገታሉ። አሁንም በደህና አረፉ። አሌክሳንደር ለዚህ ሁሉ የሩሲያ ጀግና የሚለውን ማዕረግ ያገኘው በ1996 ነው፤ አባት በሕይወት አልነበሩም።

የማርጌሎቭ ሕይወት ግን ይህ ብቻ አይደለም። በ1956 ሃንጋሪ፣ በ1968 ቼኮዝሎቫኪያ ከሞስኮ ፈቃድ ለመውጣት ሲሞክሩ ተልከው ካፈኗቸው ኃይሎች መካከል የእሳቸው አየር ወለዶች ነበሩ። የፕራግ ሰዎች በዚያ ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያቸውን የያዘውን ጦር የአጎት ጦር ብለው አያስታውሱትም።

ጀነራሉ መጋቢት 4 ቀን 1990 በሞስኮ አረፉ፤ በኖቮዴቪቺ መካነ መቃብርም ተቀበሩ። ያገለገሏት ሶቪየት ኅብረት በቀጣዩ ዓመት ፈረሰች። በ2022 የሩሲያ ጦር ዩክሬንን ሲወርር በመጀመሪያው ቀን በኪየቭ አቅራቢያ ሆስቶሜል አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የወረዱት አየር ወለዶች ነበሩ። ማርጌሎቭ በወጣትነታቸው ከጀርመን ያስለቀቋት ኬርሶንም በሩሲያ ወታደሮች እጅ ወድቃ በኅዳር ወር ወደ ዩክሬን ተመለሰች።

የገነቡት ጦር ለምን እንደሚውል የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። እሳቸው የወሰኑት በ1973 ነው፦ የማንም እናት ልጅ ከመሞከሩ በፊት የራሳቸው ልጅ ተሞከረ። ወታደሮቻቸው አጎታችን ያሏቸው ለዚህ ነው።