የሊሙዋ የቃል ባለአደራ አስቴር ጋኖ

ከጅማ ከተማ፣ ከቦሳ ኪቶ ሠፈር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው በቡናው ስሙ የታወቀውን የሊሙን አገር ያገኛል። በ19ኛው ምእተ ዓመት ሊሙ እናርያ ይባል የነበረው ይህ አገር ከጅማ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ ጋር አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ከሚባሉት አንዱ ነበር። በገበያው ቡናና የዝሆን ጥርስ ይሸጥ እንደ ነበረ ሁሉ ሰውም ይሸጥ ነበር። አስቴር ጋኖ በነፃነት ተወልደው በባርነት ቀንበር የወደቁት በዚህ ዘመን ነው።

የተወለዱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ገደማ ነበር፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ ካደረጋቸው በኋላ፣ በ1886 ወደ ዐረብ አገር ተሻግረው ሊሸጡ በጀልባ ሲወሰዱ የኢጣልያ መርከቦች ጀልባዋን ያዙ። ኢጣልያ ምጽዋን የያዘችው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። በዚህም ምክንያት አስቴር ነፃ ወጥተው በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ቢሆን ነው። ዘመድም ርስትም ከኋላ ቀርቷል፤ ነጋዴ ሊነጥቀው ያልቻለው ግን በአገራቸው ሲሰሙት ያደጉት የኦሮሞ ቋንቋ ነበር።

በእምኩሉ ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ተነሥተው ነበር። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ሲሆን፣ ትርጉሙ ተርጓሚ ማለት ነው። ይሁን እንጂ እርሳቸውም በሕፃንነታቸው ተሰርቀው የተሸጡና በ1870 በምጽዋ ነፃ የወጡ ሰው በመሆናቸው፣ ለሥራው የሚበቃ የቃላት ሀብት አልነበራቸውም። ከተናጋሪው ሕዝብ በልጅነቱ የተለየ ሰው የቋንቋውን መሠረት ቢይዝም፣ የጓዳው ዕቃ ስም፣ የሽማግሌው አነጋገርና የምሳሌው ለዛ ያመልጡታል። ኦኔሲሞስ አስቴርን ሲያስተምሩ አእምሯቸው ብሩህ፣ የቋንቋ ስሜታቸውም ጥልቅ መሆኑን ተገነዘቡ፤ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የማጠናቀሩንም ሥራ ለእርሳቸው ሰጧቸው።

ሥራው ስጦታውን ገለጠው። በአስቴር የተጠናቀረው መዝገበ ቃላት በ1893 ለታተመው የአዲስ ኪዳን ትርጉም ማቃኛ ሆነ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የያዘ መጽሐፍ ተረጎሙ፤ ለመዝሙር መጽሐፉም ዝግጅት ከኦኔሲሞስ ጋር ደከሙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ 500 ያህል እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን በጽሑፍ አሰፈሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በተዘጋጀው መጽሐፍ ታተሙ። ፊደል የሚቆጥር ልጅ አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቀውን እንቆቅልሽ በገጹ ላይ ሲያገኝ የንባቡ ጭነት ምን ያህል እንደሚቀልለት ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። አስቴር ከወገናቸው የተቀበሉትን ቃል በዚህ መንገድ ለወገናቸው መለሱ።

ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል በ1899 በስዊዘርላንድ፣ በባዝል ከተማ አቅራቢያ ታተመ። በርእሱ ገጽ ላይ ተርጓሚ ተብሎ የሰፈረው ግን የኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው። የሚሲዮኑን ታሪክ ያጠኑት ጉስታቭ አሬን አስቴር በትርጉሙ ሥራ የነበራቸውን ድርሻ ያመለከቱ ሲሆን፣ ከሰበሰቡትም የቃል ሥነ ጽሑፍ ብዙው ሳይታተም በቤተሰብ እጅ ተጠብቆ መቆየቱን ጠቅሰዋል። ይህን ማለት የኦኔሲሞስን ድካም ማሳነስ አይደለም፤ የአስቴርን ችሎታ ለይተው ሥራ የሰጧቸው እርሳቸው ናቸውና። ሆኖም ችሎታን መለየት አንድ ነገር ነው፤ ለባለቤቱ ስሙን መስጠት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ተፈጽሟል፤ ሁለተኛው ግን ሳይከፈል ዘመናት አልፈዋል።

በ1904 አስቴር ከኦኔሲሞስና ከሌሎች የኦሮሞ ተወላጆች ጋር ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ ትምህርት ቤቶችም ከፈቱ። አስቴር በነቀምት በመምህርነት አገለገሉ። በባርነት የተሸጡት ልጅ ፊደል አስተማሪ ሆኑ፤ በ1942 ባርነትን የሻረው አዋጅ ሲታወጅም በሕይወት ነበሩ። ያረፉት በ1964፣ ዘጠና ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው።

ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ ቁቤ በሚባለው በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ በትምህርት ቤቶችም የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኗል። ፊደሉ ቢለወጥም፣ ልጅን በገዛ ቋንቋው፣ በገዛ ተረቱ ንባብ የማስጀመሩ ሥራ አስቴር ጋኖ የደከሙበት ሥራ ነው። የዚህ ትምህርት ታሪክ በሚጻፍበት ሁሉ የሊሙዋ ሴት ስም ከኦኔሲሞስ ስም ጎን ሊሰፍር ይገባል።