የጁሙዓ ማስታወሻ፦ የገበያውን መንገድ የጠየቀው ሶሓባ



የዛሬውን ጁሙዓ ሥራ ፍለጋ ላይ ላላችሁት እንስጠው። ከተመረቃችሁ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ላለፋችሁ። ሲቪ ለማሳተም ከእናታችሁ ብር መጠየቅ ላሳፈራችሁ። ዒድ ላይ ዘመድ ሲሰበሰብ ያቺ የታወቀችው ጥያቄ ትመጣለች ብላችሁ ጓዳ ለምትሸሸጉ።

የምንተርክላችሁ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን (ረ.ዐ) ሕይወት ነው። በጀነት ከተበሰሩት አሥሩ ሶሓቦች አንዱ ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው በሀብቱ ነው፤ እኛ ግን እጁ ባዶ ከነበረበት ዘመን እንጀምራለን።

ዐብዱረሕማን ከቁረይሽ፣ ከበኑ ዙህራ ጎሳ ነው። ከዓመተል ፊል አሥር ዓመት ገደማ በኋላ መካ ውስጥ እንደተወለደ ይዘገባል። ንግድ ያውቃል። በአቡበክር (ረ.ዐ) ጥሪ ቀድመው ከሰለሙት ጥቂት ሰዎች መካከል ነበር፤ የአሁኑን ስሙን ያወጡለትም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። የቁረይሽ ግፍ ሲበረታ በ615 እ.ኤ.አ. ወደኛው ምድር፣ ወደ ሐበሻ ከተሻገሩት የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ጋር አብሮ ወጣ። በጣም ጥቂት ነበሩ፤ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ወንዶችና አራት ሴቶች። ከፊሉ በእግሩ፣ ከፊሉ ተቀምጦ ወደ ባሕሩ ዳር ደረሱና በነጋዴ ጀልባ ተሳፈሩ።

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ) የሚባል ወጣት ነበር። የሀብታም ቤት ልጅ፣ በልብሱና በሽቶው መካ ውስጥ የታወቀ። ስሙን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ቁረይሾች ሰለሙ የሚል ወሬ ሐበሻ ድረስ መጣ፤ ተመለሱ፤ ወሬው ሐሰት ነበር። እንደገና ችግር፣ እንደገና ስደት። በ622 እ.ኤ.አ. ዐብዱረሕማን ወደ መዲና ሲሰደድ ዕድሜው 40ን ተሻግሯል። ቤቱም ንግዱም መካ ቀረ። ደንበኞቹም፣ በስሙ አምነው ዕቃ የሚሰጡት ሰዎችም እዚያው ቀሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። 26 ወይም 27 ሲሞላን ጊዜው አለፈብን፣ እኩዮቻችን ጥለውን ሄዱ እያልን እንቅልፍ የምናጣ ብዙዎች ነን። ይህ ሰው ከዜሮ ሲጀምር ከእኛ በአሥር ዓመት እና ከዚያ በላይ ይበልጥ ነበር።

መዲና ላይ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙሃጂሮቹንና አንሷሮቹን ወንድማማች አደረጓቸው። ለዐብዱረሕማን የደረሰው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ነው፤ ከኸዝረጅ፣ ሀብት ካላቸው የመዲና ሰዎች አንዱ። ሰዕድ ንብረቱን እኩል ለሁለት ሊያካፍለው ተነሳ። አላበቃም። ሁለት ሚስቶች ነበሩትና አንዷን ፈትቶለት፣ ዒዳዋን ስትጨርስ እንዲያገባት እስከማለት ደረሰ። እንዲህ ዓይነት ወንድም ዛሬ ቢገኝ ስንቶቻችን እንለቀው ነበር?

ዐብዱረሕማን አላህ በቤተሰቡም በንብረቱም በረካ እንዲያደርግለት ዱዓ አደረገለት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለመነው፤ የገበያውን መንገድ እንዲያሳዩት።

ይህን ታሪክ ስንሰማ የምናደንቀው ስጦታውን አለመቀበሉን ነው። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን መጠየቁ ነው። ለከተማው እንግዳ ነበር፤ ገበያው የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚሸጥበት የሚያውቁት ሰዎቹ ናቸው። መንገድ መጠየቅ ልመና እንዳልሆነ ገብቶታል። እኛ ተገላቢጦሽ ነን። የወላጆቻችንን እንጀራ እየበላን ሁለት ዓመት መቀመጥ እንችላለን፤ አንድ የምናውቀውን ሰው መሥሪያ ቤታችሁ ክፍት ቦታ አለ ወይ ብሎ ለመጠየቅ ግን ስልኩን አንስተን መልሰን እናስቀምጠዋለን።

የተጠቆመው የቀይኑቃዕ ገበያ ነው። ሄደ፣ ገዛ፣ ሸጠ። በዚያ ቀን ይዞ የተመለሰው ትርፍ ጥቂት ደረቅ አይብና ቅቤ ነበር። የቁረይሽ ነጋዴ፣ ከ40 ዓመቱ በላይ፣ አይብና ቅቤ ተሸክሞ በሰው ከተማ መንገድ ላይ ሲሄድ አስቡት። የሚያውቁት የመካ ሰዎች ቢያዩት ምን ይሉ ነበር? የእኛን ሰፈር የምታውቁ መልሱን ታውቃላችሁ።

ኢማሙ ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲሥ ውስጥ ከዚህ ቀጥሎ በጣም አጭር አገላለጽ አለች፤ በየማለዳው መሄዱን እንደቀጠለ የምትናገር። ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ናት። ስንተርክ እንዘላታለን፤ አይቡን አመጣ፣ ከዚያ ሀብታም ሆነ እንላለን። የታሪኩ ትልቁ ክፍል ግን እዚያች ውስጥ ነው። ፈጅር ሰግዶ መውጣት፣ ማምሻውን መመለስ፣ በማግስቱ ደግሞ መውጣት። ገበያ ሁልጊዜ አይቀናም፤ ያልቀናበትን ቀን ደግሞ ማንም አይጽፍለትም። እናንተም ማንም የማይጽፈው ማለዳ ላይ ናችሁ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማችሁ፣ ለፈተና ተሰልፋችሁ፣ እንደውላለን ተብላችሁ ሳይደወል። ሱረቱል ጁሙዓ ሶላቱ ሲያበቃ በምድር ላይ ተበትነን የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ ታዝዘናለች። የታዘዝነው መፈለጉን ነው። ሳይሳካለት ወደ ቤቱ የተመለሰ ሥራ ፈላጊም ትእዛዙን ፈጽሞ ነው የገባው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ይህን ታሪክ ሥራ ላጣ ወጣት እንደ ዱላ የሚያነሱ ሰዎች አሉ። ዐብዱረሕማን በአንድ ቀን ሠርቶ ገባ፣ አንተ ምን ነካህ ይሉታል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ዐብዱረሕማን ያጣው ገንዘቡን እንጂ ሙያውን አልነበረም፤ ገበያውም የአምስት ዓመት ልምድ አምጣ አላለውም። ሙሃጂሮቹም ሁሉ እንደሱ አልሆኑም። ከፊሎቹ እርሻ በማያውቁ እጆቻቸው በአንሷሮች የተምር አትክልት ውስጥ እየደከሙ ፍሬውን ይካፈሉ ነበር። መስጊዱ ጥግ፣ ሱፋ ላይ የሚያድሩ፣ ከረሃብ የተነሳ ራሳቸውን የሚስቱም ነበሩ፤ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አንዱ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ካገኙት ያካፍሏቸው ነበር እንጂ በዐብዱረሕማን እያነጻጸሩ አላሸማቀቋቸውም።

ከጊዜ በኋላ ዐብዱረሕማን ልብሱ ላይ የሽቶ ቢጫ ቀለም እየታየ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጣ። ሁኔታውን ጠየቁት፤ አንዲት የአንሷር ሴት ማግባቱን ነገራቸው። መህሩ የተምር ዘር (የውስጡ ፍሬ) የምትመዝን ወርቅ ነበረች። በአንዲት በግም ቢሆን ወሊማ እንዲያደርግ አዘዙት። ኒካሕ የምታዘገዩት አዳራሽ መከራያ ስላጣችሁ ከሆነ ይህችን ክፍል ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው።

ሀብቱ ቀስ በቀስ መጣ፤ በኋላ ደግሞ ጎረፈ። ድንጋይ ቢያነሳ ከሥሩ ወርቅ ወይም ብር እስከመጠበቅ መድረሱን ራሱ ተናግሯል።

በ625 እ.ኤ.አ. ኡሑድ ሆነ። ዐብዱረሕማን ብዙ ቦታ ቆሰለ፤ አንዱ ቁስል እግሩ ላይ ነበርና ከዚያ ወዲህ እንዳነከሰ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ንብረቱን ሊያካፍለው የነበረው ሰዕድ በዚያ ቀን ሸሂድ ሆነ። ሁለት ሴት ልጆች ትቶ ነበር፤ አጎታቸው ንብረቱን ሁሉ ወሰደው፤ እናታቸው ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አቤት አለች፤ የውርስ አያ ወረደና ልጆቹ ድርሻቸው ተመለሰላቸው። ያ ለጋስ እጅ የተወው ንብረት በአላህ ፍርድ ለልጆቹ ደረሰ።

ሙስዐብም ኡሑድ ላይ ሸሂድ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በተቡክ ዘመቻ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለፈጅር ትንሽ ሲዘገዩ ሰዎች ዐብዱረሕማንን አስቀደሙት፤ እርሳቸውም ደርሰው አንዱን ረከዓ ከኋላው ሰገዱ። በ644 እ.ኤ.አ. ዑመር (ረ.ዐ) ሲወጉ ተተኪ ኸሊፋ እንዲመርጡ ከሰየሟቸው ስድስት ሰዎች አንዱ ነበር። ራሱን ከዕጩነት አወጣና ሌሎቹን ሲያማክር ሰነበተ። በማለዳ ተነስቶ ቅቤ ለመሸጥ ያላፈረው ሰው ትልቁን ወንበር አልፈለገውም። በ32ኛው ዓመተ ሂጅራ አረፈ፤ የተቀበረው በቂዕ ነው።

ከሕይወቱ ግን ለእናንተ ያስቀመጥኩት አንድ ማምሻ አለ። ዐብዱረሕማን በሀብቱ ዘመን ነው፤ ጾሞ ውሏል፤ ምግብ ቀረበለት። ማዕዱን ሲያይ ያ ከሱ ጋር ባሕር የተሻገረው ሙስዐብ ትዝ አለው። ከሱ እንደሚሻል ተናገረ። ሲገደል የተከፈነው በአንዲት ልብስ ነበር፤ ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ ይወጣል፣ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ ይገለጣል። ሐምዛም (ረ.ዐ) አብሮ ታወሰው፤ እሱንም ከራሱ አስበለጠው። እነሱ ከዱንያ ምንም ሳያገኙ ሄዱ፤ ለእሱ ግን ዱንያ ተዘረጋችለት፤ የመልካም ሥራው ምንዳ እዚሁ ተቻኩሎ ተሰጥቶት እንዳይሆን ፈራ።

ማልቀስ ጀመረ። ምግቡንም ተወው።