ኦጉስት ኬርክሆፍስ፤ ምስጢርን በቁልፍ ብቻ ያጸና መምህር

በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል ምድር፣ ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ከሀብሩ ወሰን ወዲያ በምትገኘው በውጫሌ አጠገብ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ዐፄ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ አንድ ውል ተዋዋሉ። ውሉ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ነበርና በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቃል ሳይገናኝ ቀረ። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ለመላላክ ይችላሉ ሲል፣ ኢጣልያንኛው ይህንኑ ግዴታ አደረገው። ይህ የአንድ ቃል ልዩነት ከሰባት ዓመት በኋላ ሁለቱን አገሮች ዐድዋ ላይ እንዳገናኛቸው ሁላችንም እናውቃለን።

በዚያው ዓመት፣ ውሉ ከተፈረመ ከሦስት ወር ያህል በኋላ፣ በፓሪስ ከተማ ሌላ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። ጉባኤተኞቹ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሲሆኑ፣ የሚነጋገሩት ቮላፒክ በተባለ አዲስ በተፈጠረ ቋንቋ ብቻ ነበር። ዓላማቸውም የሰው ልጅ አንዱ የሌላውን ቃል ሳያዛባ የሚግባባበት አንድ የጋራ ልሳን ማቆም ነበር። የእንቅስቃሴው ዋና መሪ ኦጉስት ኬርክሆፍስ የተባለ የቋንቋ መምህር ነው። ይኸው ሰው ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጽሑፍን ከጠላት ዓይን ስለ መሰወር አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። ዕድሜውን ያፈሰሰበት የጋራ ቋንቋ ዛሬ ተረስቷል፤ በመካከል ያለፈበት የምስጢር ጽሑፍ ጥናት ግን ስሙን እስከ ዛሬ ያስጠራል።

ይህን የሕይወት ታሪክ ለማኅበራችን አባላት ማቅረብ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በዘለቀ ጊዜ ወልድያ፣ መርሳና የሀብሩ ቀበሌዎች ለወራት በመከራ ውስጥ ቆዩ። ስልክ፣ መብራትና ባንክ ተቋረጠ፤ መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ፤ የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከባድ ጉዳት ከደረሰባቸው ተቋማት አንዱ ሆነ። ኮምፒዩተር ሲዘረፍ የሚሄደው ዕቃው ብቻ አይደለም። የተማሪው ውጤት፣ የታማሚው ካርድ፣ የገበሬው የይዞታ መረጃ፣ የባለሙያው የትምህርት ማስረጃ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ፋይልን ክላውድ በሚባለው፣ ማለትም በሩቅ አገር በሚገኙ የሌላ ድርጅት ኮምፒዩተሮች ውስጥ በአደራ ማኖር የብዙ ባለሙያ ልማድ እየሆነ መጥቷል። ልማዱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከዘራፊ ያመለጠው ፋይል በማናውቀው ሰው ቤት የተቀመጠ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በሌላ ሰው እጅ ያለ ጽሑፍ እንዴት የባለቤቱ ብቻ ሆኖ ሊቆይ ይችላል? ለዚህ ጥያቄ ዘመን ያልሻረውን መልስ ከሰጡት ሰዎች አንዱ ኬርክሆፍስ ነው።

ሙሉ ስሙ ዣን ጊዮም ኦጉስት ቪክቶር ፍራንሷ ዩቤር ኬርክሆፍስ ይባላል። የተወለደው ጃንዋሪ 19 ቀን 1835 ነው፤ በዚህና ከዚህ በታች ስለ አውሮፓ በሚነገረው ሁሉ የምንጠቀመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የትውልድ ስፍራው ኑት የተባለች የሊምቡርግ መንደር ናት። ሊምቡርግ በዚያን ጊዜ ኔዘርላንድንና ቤልጅግን ሲያከራክር የቆየ ክፍለ ሀገር ሲሆን፣ ሕፃኑ ኬርክሆፍስ አራት ዓመት በሆነው ጊዜ ለሁለት ተከፈለ። የደች፣ የጀርመንኛና የፈረንሳይኛ ቋንቋዎች በሚዋሰኑበት በዚያ አገር ያደገ ልጅ የቋንቋ ሰው ቢሆን አያስደንቅም። በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ ኑሮውን በመምህርነት ጀመረ።

ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮም ከፓሪስ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በሜለን ከተማ ዘመናዊ ቋንቋዎችን ሲያስተምር ዓመታት አሳለፈ። ሜለን ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ ኬርክሆፍስም በዚያ ሲኖር የአንድ አውራጃ ከተማ መምህር እንጂ ስሙ የተጠራ ሊቅ አልነበረም። ዕድሜው ወደ አርባ በተጠጋ ጊዜ ግን እንደገና ተማሪ ሆነ። ወደ ጀርመን ሄዶ በቦንና በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲዎች ተማረ፤ የዶክትሬት ማዕረግም አገኘ። ከዚያ በኋላ በፓሪስ በከፍተኛው የንግድ ትምህርት ቤትና በአራጎ ትምህርት ቤት የጀርመንኛ መምህር ሆነ። ኬርክሆፍስ በሕይወቱ ዘመን ወታደር ሆኖ አያውቅም። ለጦር ሠራዊት ሁሉ መመሪያ የሆነው ጽሑፍ የወጣው ከዚህ የቋንቋ መምህር ጠረጴዛ ነው።

የጽሑፉ ምክንያት የዘመኑ ሁኔታ ነበር። ፈረንሳይ በ1870 እና በ1871 በፕሩሲያ ጦር ከተሸነፈች ወዲህ መኮንኖቿ ሽንፈቱን ከየአቅጣጫው ይመረምሩ ነበር። በቀድሞው ዘመን ምስጢራዊ ደብዳቤ በንጉሥና በአንድ መልእክተኛ መካከል የሚመላለስ ነገር ነበር፤ ዘዴውን የሚያውቁት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ነበሩ። ቴሌግራፍ ከመጣ በኋላ ግን የጦር አዛዦች ሁሉ በየሰዓቱ በሽቦ ይነጋገሩ ጀመር። ሽቦውን ጠላት ሊጠልፈው ይችላል፤ መልእክቱም የሚያልፈው በብዙ ጸሐፊዎች እጅ ነው። ይህ ችግር ለእኛም እንግዳ አልነበረም። ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋውን የቴሌግራፍ መስመር ከ1902 እስከ 1904 የሠሩት ኢጣልያኖች ስለ ነበሩ፣ በዚያ ሽቦ የሚላክ ቃል በቅርቡ የዐድዋ ባላጋራ በነበሩ ሰዎች እጅ የሚያልፍ ነበር።

ኬርክሆፍስ ጥናቱን በ1883 በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ወር፣ የወታደራዊ ሳይንስ መጽሔት በተባለው የፈረንሳይ መጽሔት በሁለት ክፍል አወጣው። የጥናቱ ርእስ ወታደራዊ የምስጢር ጽሕፈት የሚል ነው። የክርክሩ መሠረትም እንዲህ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚሠራበት ዘዴ ምስጢር ሆኖ ሊቆይ አይችልም። አንድ ወታደር ይማረካል፤ አንድ ጸሐፊ በገንዘብ ይደለላል፤ የመመሪያው መጽሐፍ በሜዳ ወድቆ ይገኛል። ስለዚህ ዘዴውን ጠላት እንደሚያውቀው አስቀድሞ መቁጠር ይገባል። ዘዴው ሁሉ በጠላት እጅ ወድቆ እንኳ መልእክቱ የማይነበብ ከሆነ፣ ያ ዘዴ እውነተኛ ነው። ምስጢሩ መኖር ያለበት በአንድ ትንሽ ነገር፣ በቁልፉ ብቻ ነው። ቁልፍ ሲሰረቅ ይለወጣል፤ ዘዴ ሲሰረቅ ግን ሠራዊቱን ሁሉ እንደገና ማስተማር ያስፈልጋል።

ከዚህ አሳብ ተነሥቶ ስድስት ሕጎች አወጣ። አንደኛ፣ ጽሑፉ በስሌት ፍጹም የማይፈታ ባይሆን እንኳ በተግባር የማይፈታ ይሁን። ሁለተኛ፣ ዘዴው ምስጢር መሆንን አይሻ፤ በጠላት እጅ ቢወድቅም ጉዳት አያምጣ። ሦስተኛ፣ ቁልፉ በጽሑፍ ሳይያዝ በቃል የሚታወስ፣ ለባልደረባ የሚተላለፍና በተፈለገ ጊዜ የሚለወጥ ይሁን። አራተኛ፣ ለቴሌግራፍ የሚስማማ ይሁን። አምስተኛ፣ መሣሪያው የሚንቀሳቀስ ሆኖ ለሥራው ብዙ ሰው አያስፈልገው። ስድስተኛ፣ አእምሮን ሳያደክምና የረጅም ሕግ ጥናት ሳይጠይቅ በቀላሉ የሚሠራበት ይሁን። ከስድስቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ሲሆን፣ የሙያው ሰዎች እስከ ዛሬ የኬርክሆፍስ መርሕ እያሉ የሚጠሩት እሱን ነው።

ይህን መርሕ በአገራችን ምሳሌ ለማስረዳት ይቻላል። የቅኔያችን ሰምና ወርቅ ታላቅ የመሰወር ጥበብ ነው። ነገር ግን በውስጡ ከዘዴው የተለየ ቁልፍ የለም። መንገዱን የተማረ ሰው ሁሉ፣ ቅኔው ለእሱ የታሰበ ባይሆንም፣ ወርቁን ከሰሙ ያወጣል። ይህ ለቅኔ ክብር ነው፤ ቅኔ የሚዘረፈው ለሚገባው ሰው እንዲገባው ነውና። የታማሚን ካርድ ለሚሰውር ሰው ግን አይበቃም። እሱ የሚፈልገው መንገዱን ጠንቅቀው የሚያውቁት ሊቃውንት እንኳ ቁልፉን ካልያዙ ከደጅ የሚቀሩበትን ዘዴ ነው።

ኬርክሆፍስ ሕግ በማውጣት ብቻ አላበቃም። በዘመኑ አይፈቱም ይባሉ የነበሩትን ዘዴዎች መረመረ። በአንድ ቁልፍ የተጻፉ ብዙ መልእክቶች ከተገኙ አንዱን ከሌላው በታች በመደርደር፣ በየዓምዱ የወደቁትን ፊደሎች በማነጻጸር ቁልፉን ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አንድን ቁልፍ ለብዙ ነገር ደጋግሞ መጠቀም ለጠላት መንገድ መጥረግ ነው።

ከጥናቱ በኋላ ግን ልቡ ወደ ሌላ ጉዳይ ሄደ። ዮሐን ማርቲን ሽላየር የተባለ ጀርመናዊ የካቶሊክ ቄስ በ1879 ቮላፒክን ፈጥሮ ነበር። ኬርክሆፍስ ቋንቋውን በፈረንሳይ አስፋፋ፤ መማሪያ መጻሕፍትም አዘጋጀለት። በ1887 በሙኒክ በተደረገው ጉባኤ የቮላፒክ አካዳሚ ሲቋቋም ዲሬክተር ሆኖ ተመረጠ። በ1889 የፓሪስ ጉባኤ በተደረገ ጊዜ እንቅስቃሴው ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ውድቀቱም ከዚያው ጀመረ። ኬርክሆፍስና አካዳሚው ሰዋስዉ ቀላል እንዲሆን ሲሹ፣ ሽላየር ቋንቋው የእኔ ነውና የመጨረሻው ቃል የእኔ ይሁን ብሎ ጸና። ክርክሩ መፍትሔ ስላጣ ኬርክሆፍስ በ1891 ከሥልጣኑ ለቀቀ፤ ተከታዮቹም ተበታተኑ፤ ብዙዎቹ ዛሜንሆፍ በ1887 ወዳወጣው ወደ ኤስፔራንቶ ሄዱ። ለብዙ ሺህ ሰው የታሰበ ሥራ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚደርስበት ኬርክሆፍስ በገዛ ሕይወቱ አየ። በኦገስት 9 ቀን 1903 በስዊዘርላንድ በ68 ዓመቱ ዐረፈ።

መርሑ ግን ከእሱ በኋላ ኖረ። የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች መሥሪያ ቤት በ1997 አዲስ የምስጠራ ዘዴ ለመምረጥ ውድድር ሲከፍት፣ የቀረቡትን ዘዴዎች የዓለም ሊቃውንት ሁሉ በግልጽ እንዲፈትኗቸው አደረገ። በ2001 የጸደቀው ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ሁለት ቤልጅጋውያን ያቀረቡት ዘዴ ነው። ዛሬ በእጅ ስልካችንና በኮምፒዩተራችን ውስጥ የሚሠራው ይኸው ዘዴ አሠራሩ ለማንም ሰው የታተመ ነው። የተሰወረው ቁልፉ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ታላላቆቹ የክላውድ ድርጅቶች የሚያኖሩትን ፋይል በራሳቸው በኩል ይመሰጥሩታል፤ ቁልፉ ግን በተለምዶ በእነሱው እጅ ነው። ይህም ዕቃን በሰው ግምጃ ቤት አስቀምጦ ቁልፉንም ለዚያው ሰው እንደ መስጠት ነው። ግምጃ ቤቱ ከሌባ ይጠብቃል፤ ከባለ ግምጃ ቤቱ ግን አይጠብቅም። የይለፍ ቃላችን የተሰረቀ እንደ ሆነም ፋይሉ ተከፍቶ ይገኛል። በተለይም ክላውዱ ሳይዘጋ የተተወ ላፕቶፕ ሲዘረፍ፣ ወሳጁ የሩቁንም ግምጃ ቤት ይዞ ይሄዳል። የኬርክሆፍስን መርሕ የሚከተል ባለሙያ ፋይሉን ከመላኩ በፊት በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ይመሰጥራል። ለዚህ የሚያገለግሉ እንደ ክሪፕቶሜተርና ቬራክሪፕት ያሉ፣ አሠራራቸው ለምርመራ ክፍት የሆነ ያለ ክፍያ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ።

ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅም ያስፈልጋል። በሩቅ ቦታ ቅጂ ማኖር ከመጥፋት ያድናል፤ መመስጠር ከመነበብ ያድናል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ያልተመሰጠረ ቅጂ ለማንም የተጋለጠ ነው፤ የተመሰጠረ ነገር ግን ሁለተኛ ቅጂ የሌለው ፋይልም ከላፕቶፑ ጋር ይጠፋል።

በአንድ ነገር ብቻ ከመምህሩ ሕግ ፈቀቅ ማለት የሚገባን ይመስለናል። ኬርክሆፍስ ቁልፍ እንዳይጻፍ አዝዟል፤ ያሰበው በሜዳ ስለሚማረክ ወታደር ነበርና። ቁልፉ የጠፋበት የተመሰጠረ ፋይል ግን ባለቤቱም፣ ድርጅቱም፣ መንግሥትም የማይከፍተው ነው። በወልድያ በዚያ ወቅት እንደታየው መንገድና ስልክ ሊዘጋ፣ ሰውም ከቤቱ ሊፈናቀል፣ ሊታመም ወይም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ረዘም ያለ የቁልፍ ሐረግ መርጦ በቃል መያዝ፣ አንድ ቅጂውንም በወረቀት አሽጎ ከኮምፒዩተሩ ርቆ በሚኖር ታማኝ ሰው ዘንድ በአደራ ማስቀመጥ ይገባል። አደራ ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው አይነገረውም።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሌላውን ሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠብቀው በሕግ ተገዷል። በእጃችን የሚገኘው የተማሪው፣ የታማሚውና የገበሬው ማኅደር እንጂ የእኛ ብቻ አይደለም። ስለሆነም እያንዳንዱ አባል በዚህ ዓመት ሦስት ነገር መርምሮ እንዲያረጋግጥ አደራ እንላለን፤ ፋይሉ ሁለተኛ ቅጂ እንዳለው፣ ከመላኩ በፊት መመስጠሩን፣ ቁልፉም ነገ እሱ ባይኖር በማን እጅ እንደሚገኝ።